የፍልሰታ አሳ

የአክስቴ ልጅ እንግሊዝ ነው የሚኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ባሕር ዳር ወርዶ አሳ ያጠምዳል። የኛዋን ባሕር ዳር ማለቴ አይደለም፤ የጨው ውኃውን ዳር ነው። ባለፈው ስንደዋወል «ፈቃድ አውጥተሃል ወይ?» አልኩት።

«ለወንዝና ለሐይቅ ነው እንጂ ለባሕሩ በዘንግ ለማጥመድ ፈቃድ አይጠየቅም» አለኝ። «ማስመሪያ ግን ከእጄ አይለይም።» ሲ ባስ የሚሉት አሳ 42 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ ተመልሶ ውኃ ይገባል። የሞላውም ቢሆን በቀን የሚወሰደው ተቆጥሮ ነው።

ይቺ ማስመሪያ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች።

ያደግሁት ቁንዝላ ነው፤ ጣና ዳር፣ በጎጃም በኩል። እኛ ጋ ሐይቅ የሚል የለም፤ «ባሕሩ» ነው የምንለው። አጎቴ በደንገል ታንኳ ቀረሶም አምባዛም ነጭ አሳም ሲያመጡ አይቻለሁ። አሁን የምኖረው ከተማ ነው።

አምና በነሐሴ አንድ ነጭ አሳ ገዛሁ። ቢላዬ ሆዱን ሲነካው እንቁላሉ ተዘረገፈ። ቢጫ ነው፤ ከጤፍ ይተልቃል፣ ከማሽላ ያንሳል። ሳህን ሞላ። ልጄ «ይሄ ሁሉ አሳ ሊሆን ነበር?» አለችኝ። ዝም ብዬ ማጠቤን ቀጠልኩ።

እናቴ በጾም አሳ አትነካም። ከተማው ግን ይበላል፤ ክርክሩን ለካህናቱ ልተወው። እኔን የከነከነኝ የቀኑ መግጠም ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ነጭ አሳውም እንቁላሉን ሊጥል ከባሕሩ ወደ ወንዝ የሚወጣው በዚያው ሰሞን ነው። ክረምቱ ሲጠነክር ግልገል አባይን በመሰሉ ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰብና ጠጠር ያለበት፣ ጥርት ያለ ወራጅ ውኃ ፍለጋ ሽቅብ ይሄዳል። ቀረሶ ብልጥ ናት፤ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ አሳ ግን ሁሉም ባንድ በር ነው የሚያልፈው። በሩ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ምን ቀረው? ላይኛው ወንዝ ላይ ደግሞ ብርብራ የሚሉትን አሳ የሚያደነዝዝ የዛፍ ፍሬ ወቅጦ የሚበትን አለ።

ከነጭ አሳ ዘሮች ወደ 15 የሚሆኑት ከጣና በቀር የትም የሉም። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በ1978 መጣ። ከ1983 ወዲህ በነበሩት አሥር ዓመታት ተመራማሪዎች ሲለኩት ነጭ አሳው በሦስት አራተኛ ቀንሶ ተገኘ። አጎቴ ጥናቱን አላነበቡም፤ ታንኳቸውን የሰቀሉት ግን በዚያው ዘመን ነው።

ፈቃድማ አለ። አዋጁም አለ፤ ቁጥር 315/1995። የማውቀው አንድ አስጋሪ ፈቃዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ይዞ ይዞራል። ማኅተሙ እንዳይርስበት ይጠነቀቃል። የመረቡን ቀዳዳ ስፋት ግን አንድም ቀን የለካበት ሰው የለም። ሐምሌ ላይ የት እንደሚጥለውም የጠየቀው የለም። እኔን ብትጠይቁኝ ወረቀቱ ቀርቶ ወንዞቹ አፍ ሁለት ወር ቢዘጋ ይሻለኛል። አስጋሪው በዚያ ሁለት ወር ምን ይብላ የሚለው ግን ቀላል ጥያቄ አይደለም።

የማስመሪያዋን ነገር ለአጎቴ ደውዬ አወራኋቸው። ሳቁ።

«እኔ በስንዝር ነበር የምለካው» አሉ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፣ «ይልቅስ እዚያ አገር ማስመሪያ ይዞ የሚቆጣጠረውን ሰውዬ ደሞዙን ማን ነው የሚከፍለው?»

የአክስቴን ልጅ ጠይቄ እደውልሎታለሁ ብያለሁ።