ወድጄዋለሁ

የምትላመጠው የጥርስ ማጽጃ ክኒናችን እዚህ እስክትደርስ ብዙ ፍዳ አይታለች። የክረምቱ ዙር ምርት እርጥበት ስቦ፣ ሲትሪክ አሲዱና ቤኪንግ ሶዳው ብልቃጡ ውስጥ ተገናኝተው አንድ ድንጋይ ሆነ። አሲዱን አስወጥተን በካልሲየም ካርቦኔት፣ በወይራ ቅጠልና በቅርንፉድ ጸናን። አለቃችን «አረፋ አነሳት፣ እንዶድ ብንጨምርባትስ?» ብለው ነበር። እንዶድ ልብስ ያጥባል፣ ቀንድ አውጣም ይገድላል፤ ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ ወንዝ ዳር ያስተዋሉት ይህንኑ ነው። ለአፍ አይሆንም ብዬ ለመንኳቸውና ተዉት።

የገበያ ጥናቱን የያዘው ከአዲስ አበባ የተላከልን ባለሙያ ነው። ሁዳዴ ላይ፣ ዓርብ ረፋድ አራት ሰዓት፣ ቅዳሜ ገበያ በር ላይ ናሙና እናድል አለ።

«ጾም ነው እኮ» አልኩት።

«ወተት የላት፣ ቅቤ የላት! የጾም ናት።»

ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ዛሬም ያስቀኛል፤ ትንሽ ተንኮል አልነበረበትም ማለት አልችልም።

ሰዉ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ይመርቃል፣ ቅጹን ያስሞላል። መፋቂያ የሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ደረስን።

«እማማ፣ ቀመሷት?»

«አዎን የኔ ልጅ።»

«ጣዕሟስ?»

«ግሩም ነው። ግሩም ነው ብለህ ጻፍ።»

ክኒኗ ከነጠላቸው ጫፍ ተቋጥራ ትታየኛለች። ባለሙያው ወደ ቀጣዩ ሰው ሲያልፍ ጠጋ ብዬ «ቋጥረዋት የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ታዲያ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ላላምጣት ነው? ልጁ ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ምን ብዬ ላሳፍረው!» የክትክታ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡና እንትፍ አሉ። «ይኸ ይተፋል። ያንተይቱ ትሟሟለች።»

የሁለት ዓመት ሥራዬን እንዲህ በአጭሩ የገመገመልኝ ሰው አላጋጠመኝም። ጠንካራ አድርጌ ልጨምቃት ይሆን እያልኩ ተመለስኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሪፖርቱ ቀረበ። 40 ቅጽ፤ 39ኙ «በጣም ወድጄዋለሁ»፣ አንዱ «ወድጄዋለሁ»። ባለሙያው ያቺን አንዷን «ገንቢ አስተያየት» አላት። አለቃችን ደስ ብሏቸው ወደኔ ዞሩ፦ «የቅርንፉዱ መጠን ተቀይሯል አይደል? አንተስ የዛሬዋን እንዴት አገኘሃት?»

«ግሩም ናት» አልኩ።

የኔይቱ በሶፍት ተጠቅልላ የጋዋኔ ኪስ ውስጥ ነበረች።