አኮርዲዮኔና የእህቴ ልጅ ዩኩሌሌ፦ ዘጠነኛው ወር

አኮርዲዮን መማር ከጀመርኩ ዘጠኝ ወር ሞላኝ። እስከ ሰባተኛው ወር ሐሳቤ ሁሉ ጣቶቼ ላይ ነበር። ያለፉት ሁለት ወራት ግን ብዙ ነገር ለወጡብኝ። የለወጠኝ ደግሞ ዩኩሌሌ ነው።

የእህቴ ልጅ 15 ዓመቷ ነው። ዩኩሌሌ ትጫወታለች። አራት አውታር ያላት፣ ጊታር የምትመስል ትንሽዬ መሣሪያ ናት። አንድ ቅዳሜ እነሱ ቤት ቡና እየተፈላ፣ «አክስቴ፣ አንድ ሰው ላሰማሽ፤ ያንቺም መሣሪያ አለበት» ብላ ከጆሮ ማዳመጫዋ አንዱን ሰጠችኝ።

ዛክ ኮንደን ይባላል። አሜሪካዊ ነው፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሳንታ ፌ ነው ያደገው። ቤይሩት በሚል የባንድ ስም ይታወቃል። የመጀመሪያ አልበሙ የወጣው 2006 እ.ኤ.አ. ሲሆን ያኔ ገና የ20 ዓመት ልጅ ነበር። ዘፈኑን ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ይዘፍናል፣ ትራምፔትም ይነፋል። ልጅ ሳለ የእጁን አንጓ ተጎድቶ የጊታር አንገት እንደልቡ መያዝ ስላቃተው ወደ ዩኩሌሌ ዞረ።

መጀመሪያ ዩኩሌሌዋ ብቻዋን ገባች፤ ቶሎ ቶሎ፣ ልክ እንደ ክራር ግርፍ። ከዚያ ድምፁ መጣ። ቀጥሎ ከኋላ አኮርዲዮን ሲነሳ ሰውነቴን ወረረኝ። ጀበናው ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲፈስ ሁለታችንም አላየንም።

ያንን ዘፈን በዚያ ሳምንት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ለምን እንዲህ ያዘኝ ብዬ ሳስብ መልሱን ያገኘሁት ከቤቴ ነው። ክራር ሲመታ ድምፁ ቶሎ ይሞታል። ማሲንቆ ግን ደጋኑ እስከተሳበ ድረስ ድምፁን ይዞ ይቆያል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ የተወውን ሌላው ይቀበለዋል። ዩኩሌሌና አኮርዲዮንም እንደዚያው ናቸው። እኔ ከልጅነቴ የማውቀውን ነገር የሳንታ ፌ ልጅ በሌላ ዕቃ ሠርቶት ነው የሰማሁት።

ሁለቱም መሣሪያዎች ስደተኞች መሆናቸው ደግሞ ደስ ይለኛል። አኮርዲዮን በ1829 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ በዚህ ስሙ የተመዘገበ የፈጠራ ሥራ ነው። ዩኩሌሌ የሃዋይ ልጅ ቢባልም ዘሩ የፖርቱጋል ነው፤ በ1879 እ.ኤ.አ. ከማዴይራ ደሴት ለሸንኮራ እርሻ ሥራ የተሰደዱ ሰዎች ናቸው የመጀመሪያውን መሣሪያ ይዘው ሃዋይ የገቡት።

አሁን ወደ ልምምዴ። የአኮርዲዮን ድምፅ የሚወጣው ከውስጡ ካሉ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ነው። ወናፉን ስትስቡም ስትገፉም አየር በምላሶቹ መሀል ያልፍና ያርገበግባቸዋል። ስለዚህ የዘፈኑ እስትንፋስ ያለው ወናፉን በሚያንቀሳቅሰው በግራ እጅ ውስጥ ነው። እኔ ግን ወናፉን የምመልሰው አየር ሲያልቅብኝ ነበር። አንዳንዴ ቃሉ መሀል ላይ ይቆረጣል። የኮንደንን አዘፋፈን ስሰማ አኮርዲዮኑ ከዘፋኙ ጋር አብሮ የሚተነፍስ መሰለኝ። በማግስቱ የምለማመደውን የትዝታ ግጥም በወረቀት ጻፍኩና ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ ሁሉ ላይ በእርሳስ ቀስት አደረግሁ። ወደ ውጪ፣ ወደ ውስጥ። ለአሥር ቀን ያህል ጣቶቼን ረስቼ ቀስቶቹን ብቻ ተከተልኩ። ልዩነቱን በስልኬ ቀድቼ ስሰማው ደነገጥኩ። እየዘፈንኩ ነበር።

ቀጣዩ ችግር አብሮ መጫወት ነበር። ትዝታን የጀመርኩት እንደ ፒያኖ ከተደረደሩት የአኮርዲዮኔ ቁልፎች በጥቋቁሮቹ ነው። አምስቱ ጥቋቁር ቁልፎች ብቻቸውን ትዝታ ሜጀር የሚባለው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ናቸው፤ ከፍ ስለሚሉ ደግሞ ሳታዩዋቸው በጣት ይገኛሉ። አኮርዲዮን ስትታቀፉ ቁልፉን ማየት ስለማትችሉ ይህ ትልቅ እረፍት ነው። ጀማሪ ካላችሁ ከዚያ አስጀምሩት። የዩኩሌሌ ባዶ አውታሮች ግን ሶል፣ ዶ፣ ሚ እና ላ ናቸው። ልብ በሉ፣ ከዶ ለሚነሳ ትዝታ የሚጎድላት ሬ ብቻ ናት! እሷም የዶው አውታር ሁለተኛ ፍሬት (አንገቷን አቋርጦ የሚያልፍ የብረት መስመር) ላይ ተቀምጣለች። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት ባዶ አውታሮቹን አንድ ጊዜ ደረደረቻቸውና፣ «እንዴ! ይሄ እኮ እናቴ የምትሰማው ነው» አለች።

ስለዚህ ጥቋቁሮቹን ትቼ ወደ ነጮቹ መጣሁ። ነጮቹ መሀል ፋን እና ሲን መዝለል ግድ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጣቴ ፋ ላይ ሲያርፍ ከረመ። አሁን ግን ለምዶታል። መቃኘትን በተመለከተ ደግሞ፣ የአኮርዲዮን ምላስ ብረት ስለሆነ ቦታው አይነቃነቅም፤ ዩኩሌሌዋ ናት እሱን ሰምታ የምትቃኘው።

ያገለገለ አኮርዲዮን ለመግዛት ለምታስቡ አንድ ነገር ልበል። ሻጩ «ምንም የለውም» ያለኝ የእኔ ባለ 48 ቤዝ (በግራ እጅ የሚነኩ 48 ቁልፎች ያሉት) አኮርዲዮን ወናፉ ማዕዘን ላይ አየር ያስወጣል። ከመግዛታችሁ በፊት የወናፉን ማሰሪያ ፍቱ፣ ምንም ቁልፍ ሳትነኩ ከላይ ይዛችሁ አንጠልጥሉት። ቀስ ብሎ ከወረደ ደህና ነው። ዘጭ ካለ አየር ያስወጣል።

እሷ ኮንደንን ስለሰጠችኝ እኔ ደግሞ ጋሽ ኃይሉ መርጊያን ሰጠኋት። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለጉብኝት ሲመጣ እዚሁ እኛ ጋ፣ ዋሽንግተን ቀሩ። በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮናቸውን ከኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር ይዘው ብቻቸውን አንድ ካሴት ሠሩ። ከዚያ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዱ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። ካሴቱ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲታተም የዓለም መድረክ ተመልሶ ተከፈተላቸው። እያዳመጠች ሳለ፣ «አኮርዲዮኑ አማርኛ ይናገራል» አለችኝ።

ትናንት ማታ ትዝታ ማይነር እንሞክር ተባባልን። ለእኔ ቀላል ነው፤ ሚ እና ላን ትቼ ከጎናቸው ያሉትን ጥቋቁሮች እነካለሁ። እሷ ግን ባዶ አውታሮቿ አይሆኑላትም። ትንሽ አሰበችና ሁለቱን መቃኛዎች ጠምዝዛ አውታሮቹን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረገቻቸው። ክራር ተጫዋች ቅኝት ሲቀይር የሚያደርገውን ነው ያደረገችው፤ ማንም አላስተማራትም። ከዚያ «ጀምሪ» አለችኝ፤ ወናፉን ከፈትኩት።