ኦገስትን አትጠብቁ

እንግሊዝ አገር ተማሪ ልጅ ካላችሁ የዓመት ፈቃዳችሁን የሚወስንላችሁ ትምህርት ቤቱ ነው። እሱ ደግሞ የሚዘጋው ጁላይ ሊያልቅ ሲል፣ ረጅሙ ቀን አልፎ ብርሃኑ ማጠር ከጀመረ ከወር በኋላ ነው። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ለኦገስት ዌልስ ውስጥ፣ ቴንቢ አካባቢ፣ ካራቫን (ለእረፍት የሚከራይ ተጎታች ቤት) ያዝን፤ ከፈልን፤ ሄድን፤ ዘነበ።

ዝናብ ብርቃችን አይደለም። አዲስ አበባ በዓመት የሚዘንበው ለንደን ከሚዘንበው እጥፍ ይጠጋል። የእኛው ግን ዶፉን አውርዶ ፀሐይ ያሳያል፤ ለመስቀልም ጠቅልሎ ይወጣል። የዚህኛው ሲያካፋ ይውላል፣ ሲያካፋ ያድራል። ምዕራቡ ዳርቻ ደግሞ ይብሳል፤ ከአትላንቲክ የሚመጣው ደመና መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

በቀጣዩ ዓመት ጁን ላይ ለመሄድ ቆረጥኩ። ሜይና ጁን እዚህ ፀሐይ በብዛት የሚታይባቸው ወራት ናቸው፤ የካራቫን ዋጋውም ከኦገስቱ ይቀላል። አለቃዬ በአንድ መስመር ኢሜይል ፈቀደልኝ። አንጀቴን ያሳረረኝ ትምህርት ቤቱ ነው።

እውነቱን ጽፌ አመለከትኩ፦ ቤተሰባችን አንድ ሳምንት ፀሐይ ማየት ይፈልጋል። መልሱ «ልዩ ሁኔታ ሆኖ አላገኘነውም» የሚል ነበር። ቢሮ ሄጄ ልዩ ሁኔታ ምን እንደሆነ ብጠይቅ፣ ሴትዮዋ በፈገግታ ሌላ ፎርም ሰጠችኝ። ሄድ ቲቸሯን (ርዕሰ መምህሯን) ለማግኘት ቀጠሮ ያዝኩ፤ ተሰረዘ፤ እንደገና ያዝኩ። ስትመጣ አንድ ቀን መቅረት በልጅ ውጤት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አስረዳችኝ። የተርሙን መጨረሻ ፊልም እያዩ እንደሚያሳልፉ ታናሿ ልጄ ነግራኛለች፤ ይህንን ስላት ሰዓቷን አየች። ለገና ግን አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ ፈቅደው ነበር፤ ለሃይማኖት በዓል ሕጉ ያስገድዳቸዋላ!

ከፈረንጆቹ ኦገስት 2024 ወዲህ በእንግሊዝ ሕጉ እንዲህ ነው፦ ልጅ ያለ ፈቃድ አምስት ቀን ከቀረ ለእያንዳንዱ ወላጅ፣ በእያንዳንዱ ልጅ 80 ፓውንድ ቅጣት ሊመጣ ይችላል፤ በ21 ቀን ካልተከፈለ 160 ይሆናል። አባትና እናት፣ ሁለት ልጅ፣ 320 ፓውንድ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከተደገመ በቀጥታ 160 ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ ከሆነ ፍርድ ቤት ሊያስቀርብ ይችላል። ከኦገስቱ ዋጋ ጋር አስልተው፣ ቅጣቱን ከፍለው የሚሄዱ ወዳጆች አሉኝ፤ አልፈርድባቸውም። «ታማለች» ብላችሁ ግን አትዋሹ፤ ልጅቷ ሰኞ ጠዋት ስለ አሸዋ ቤቷ ለአስተማሪዋ ትተርካለች።

እኔ ያገኘሁት መውጫ የሜይ መጨረሻ ሃፍ ተርም (በተርም አጋማሽ የሚሰጥ የአንድ ሳምንት እረፍት) ነው፤ ቦታውም ምሥራቁ፣ ኖርፎክ። ከአገሩ ደረቅ ከሚባሉት አካባቢዎች አንዱ ነው። ባሕሩ ያን ጊዜ በረዶ ስለሆነ እግር ከመንከር አያልፍም፤ እኛ ደግሞ ዋናተኞች አይደለንም። የትምህርት ቤታችሁን ካላንደርም እዩ፤ አስተማሪዎች ለሥልጠና የሚቀመጡባቸው አምስት ቀናት አሉ፤ አንዱ ከሃፍ ተርሙ ጋር ከተያያዘ ያለ ቅጣት ቀን ታተርፋላችሁ። የሃፍ ተርምም ዋጋ ስለሚወደድ ገና ከጃንዋሪ ያዙ። የአየር ትንበያ እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው ካራቫን አያገኝም፤ ከአምስት ቀን በላይ ያለውን ትንበያ እኔ አላምነውም።

ልጅ የሌላችሁ ሴፕቴምበር ላይ ሂዱ። ባሕሩ ሞቅ የሚለው ያኔ ነው፤ ዋጋውም ይወርዳል። እንቁጣጣሽን ቤት ውላችሁ በማግስቱ መውጣት ትችላላችሁ።