ቨርዥን ሲቀየር የማይቀየር ባግ

የፒኤልሲ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ሶፍትዌሩ አዲስ ቨርዥን ያወጣል። መልኩ ያምራል፣ አዳዲስ ቁልፎች ይጨመራሉ፣ ለመክፈት የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል። ባጉ፣ ማለትም የሶፍትዌሩ ስህተት፣ ግን እዚያው ነው። የምሠራበትን ሶፍትዌር ስም አልጠራም። ብጠራውም ብዙ አይጠቅምም፤ የሌላ ኩባንያ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ጓደኞቼም ያው ሮሮ ነው ያላቸው።

ለማያውቀው፣ ፒኤልሲ ማለት ሞተር፣ ፓምፕና ቫልቭ የሚያዝ የኢንዱስትሪ ኮምፒውተር ነው። ፕሮግራሙን ላፕቶፕ ላይ ጽፈን ወደ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ወደ ፒኤልሲው፣ እንጭነዋለን። ከዚያ ማሽኑ እየሠራ፣ በውስጡ ያሉትን ቁጥሮች በላፕቶፑ ስክሪን እንከታተላለን። ስክሪኑ ላይ የምናየው ቁጥር እውነት ካልሆነ ነገር ሁሉ ይበላሻል። አንጀቴን ያሳረረው ባግም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ማሽኑን ሳናቆም ፕሮግራሙ ላይ ትንሽ ለውጥ አድርገን መጫን እንችላለን። ኦንላይን ቼንጅ ይባላል። አንድ ስትራክቸር (በአንድ ስም የተሰበሰቡ ቁጥሮች) ውስጥ አዲስ ቫሪያብል (ቁጥር የሚይዝ ቦታ) ጨምሬ በዚህ መንገድ ስጭን፣ አንዳንዴ በግፊቱ ቦታ የሙቀቱ ቁጥር ይመጣል። ማሽኑ በትክክል እየሠራ ነው። የሚዋሸው ስክሪኑ ነው። ፕሮጀክቱን ዘግቼ እንደገና ስከፍተው ይስተካከላል። ጥሩ፤ ግን ቁጥሩ የተሳሳተ መሆኑን ካላወቅኩ ምን ብዬ ልዝጋው? ሁለቱም ቁጥሮች እኮ ለዓይን ትክክል ነው የሚመስሉት።

አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር «እስቲ በዚህኛው» እያልኩ ስጭን ኖርኩ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ሶፍትዌሩ ይጫናል፣ ላይሰንሱ ያስቸግራል፣ ፕሮጀክቱ ወደ አዲሱ ቨርዥን ይቀየራል፣ ያ ባግ ከች ይላል። በመጨረሻ መጠበቁን ተውኩት። ባጉን እንደ መሣሪያው አንድ ጠባይ ቆጥሬ፣ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደማይመጣ ማጥናት ያዝኩ። ሥራዬ የቀለለልኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

በቅድሚያ ያደረግኩት ፕሮጀክቱን ማሳነስ ነበር። የትልቁን ፕሮጀክት ኮፒ ወስጄ ግማሹን አጠፋሁ። ባጉ አሁንም ይመጣል? ይመጣል። ከቀረው ላይ ደግሞ ግማሹን። አሁን ጠፋ? እንግዲያው ባጉ ባጠፋሁት ውስጥ ነበረ ማለት ነው፤ እሱን መልሼ ሌላኛውን ግማሽ አጠፋለሁ። አሰልቺ ይመስላል እንጂ ፈጣን ነው። 1,024 ብሎክ (የፕሮግራም ቁራጭ) ያለው ፕሮጀክት 10 ጊዜ ለሁለት ሲከፈል አንድ ብሎክ ይቀራል። እርግጥ ብሎኮች እርስ በርሳቸው ስለሚጠራሩ በተግባር እንደ ሒሳቡ ጥርት ብሎ አይቆረጥም። አንዱን ስታጠፉ ሌላው ኮምፓይል አላደርግም፣ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ አልተረጎምም፣ ይላል። ቢሆንም ያዋጣል።

መጨረሻ ላይ እጄ ላይ የቀረው አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጠ ሁለት ስትራክቸርና ጥቂት ቫሪያብል ነው። አዲሱን ቫሪያብል ከመጨረሻው ላይ ስጨምር ምንም የለም። መሃል ላይ ሳስገባ ቁጥሮቹ ይዛባሉ። በቃ፣ ተያዘ።

የሶፍትዌሩን ውስጥ ማየት አልችልም፤ ግምቴ ግን ይሄ ነው። ስክሪኑ ቫሪያብሉን የሚያነበው በስሙ ሳይሆን በሜሞሪ አድራሻው ነው። ሪል የሚባለው ነጥብ ያለው የቁጥር ዓይነት 32 ቢት ነው፣ ማለትም 4 ባይት ይይዛል። መሃል ላይ አንድ ሪል ሲገባ ከሱ በኋላ ያሉት ሁሉ በ4 ባይት ይገፋሉ። ስክሪኑ ግን ወሬው አልደረሰውም፤ በድሮው አድራሻ ነው የሚያነበው። ተማሪዎቹ አንድ አንድ ወንበር ከተሸጋገሩ በኋላ በድሮው የወንበር ቁጥር ስም እንደሚጠራ አስተማሪ ማለት ነው።

ይሄን ካወቅኩ በኋላ መፍትሔው ቀላል ነበር። አሁን ስትራክቸር ስሠራ ከመጀመሪያውኑ መጠባበቂያ ቦታ እተዋለሁ፤ ጥቂት ሪል፣ ጥቂት ሙሉ ቁጥር፣ ሥራ የሌላቸው። አዲስ ነገር ሲያስፈልገኝ ከመጠባበቂያዎቹ አንዱን እጠቀማለሁ እንጂ መሃል ላይ አላስገባም። ስለዚህ ማንም ከቦታው አይገፋም። የስትራክቸሩ የመጨረሻ ቦታ ላይ ደግሞ 12345 የሚል የማይለወጥ ቁጥር አስቀምጣለሁ። ስክሪኑ ላይ 12345 ካየሁ ሌሎቹንም አምናለሁ። ሌላ ነገር ካየሁ ማንንም ሳልጠይቅ ፕሮጀክቱን ዘግቼ እከፍታለሁ። ጥቂት ባይት ያባክናል። ይባክን።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ምክንያቱም ባግ የተባለ ሁሉ ባግ አይደለም። አንድ ባልደረባዬ «ቆጣሪው በራሱ ጊዜ ቆመ፣ ይሄ ሶፍትዌር አብዷል» እያለ መጣ። ቆጣሪው የቆመው 16,777,216 ላይ ነው። ቁጥሩን ሳይ ሳቄ መጣ። ባለ 32 ቢት ሪል እዚያ ሲደርስ 1 ቢጨመርበት አይሰማውም፤ ከዚያ በላይ ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች በሙሉ ለይቶ የሚይዝበት ቦታ የለውም። የትኛውም ኩባንያ ሶፍትዌር ላይ ብትሞክሩት ያው ነው። በሪል ፋንታ ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር ብንጠቀም እስከ 2,147,483,647 ይቆጥርልናል። ሶፍትዌሩን ከመክሰሴ በፊት እንዲህ ያለውን አጣራለሁ። ለኩባንያው ሰፖርት (የደንበኛ ድጋፍ) ክፍል አንዴ የተሳሳተ ክስ ከላክን ቀጣዩን እውነተኛ ክስ በጥርጣሬ ነው የሚያነቡት።

ስለ ሰፖርት ካነሳሁ፣ የመጀመሪያው መልሳቸው ሁሌም አንድ ነው፦ «ወደ አዲሱ ቨርዥን ያሳድጉ»። እኔም ድሮ በንዴት ረጅም ደብዳቤ እጽፍ ነበር፤ መልሱ አጭር ነበር። አሁን የምልከው ያቺን ትንሽ ፕሮጀክት ነው። ከሷ ጋር ምን እንደጫንኩ፣ ምን ማየት እንደነበረብኝ፣ ምን እንዳየሁ፣ በየትኞቹ ቨርዥኖችና በየትኛው ፈርምዌር (የኮንትሮለሩ የራሱ ሶፍትዌር) እንደሞከርኩት። ስሜት የለበትም፣ «ለብዙ ዓመት ደንበኛችሁ ነኝ» የለበትም። የተቀበለው ሰው ከፍቶ እሱም ጋ ሲመጣበት መካድ አይችልም። በዚህ መንገድ ነው ባጉ መለያ ቁጥር ያገኘው።

ቀጥሎ የወጣው ቨርዥን የለውጥ ማስታወሻ ላይ «ተስተካክሏል» የሚል አየሁ። ደስ አለኝ። ትንሿን ፕሮጀክት ከፈትኩ። አንድ እርከን ብቻ ያለው ስትራክቸር ላይ እውነትም ተስተካክሏል። አንዱ በሌላው ውስጥ ሲሆን ግን እንዳለ ነው። ከዚያ በኋላ በመጣው ደግሞ የተስተካከለውም ተመልሶ ተበላሸ! አዲስ ቨርዥን ሲመጣ መጀመሪያ ያቺን ፕሮጀክት ከፍቼ ሳልፈትሽ የሥራ ፕሮጀክት የማልነካው ለዚህ ነው። ሌሎች ያማረሩኝን ባጎችም እንደ መጀመሪያው እያሳነስኩ እዚያው አስገብቻቸዋለሁ።

ለምንድን ነው ግን እንዲህ የሚቆዩት? አንዳንዱ በቂ ምክንያት አለው። ኤክሴል 1900 (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው) የካቲት ወሩ፣ ማለትም ፌብሩዋሪ፣ 29 ቀን ያለው ዓመት ነው ብሎ ያምናል። አይደለም፤ ለ100 የሚካፈል ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ተጨማሪ ቀን የለውም። ስህተቱ የመጣው ከኤክሴል በፊት ከነበረው የሰንጠረዥ ፕሮግራም ከሎተስ 1-2-3 ነው። የዚያ ፋይሎች ኤክሴል ላይ እንዲሠሩ ተብሎ ሆን ተብሎ ተወሰደ። ዛሬ ላይ ቢታረም በየሰዉ ፋይል ውስጥ ያሉት ቀኖች በአንድ ቀን ይዛባሉ። ስለዚህ ይኖራል። ከዚህ የባሰው የጂኖቹ ነገር ነው። ኤክሴል የአንዳንድ ጂኖችን ስም ወደ ቀን እየቀየረ ሲያስቸግር፣ በ2020 የጂን ስም የሚያወጣው ኮሚቴ ስሞቹን ቀየረ፤ «ማርች1» የነበረው «ማርችኤፍ1» ሆነ። ኤክሴል ይሄን ልማዱን ማጥፊያ ምርጫ የጨመረው በ2023 ነው። ሳይንሱ ለሶፍትዌሩ መንገድ ለቀቀ ማለት ነው።

የእኔ ባግ ግን ከዚህ ዓይነቱ አይደለም። በተሳሳተ ስክሪን ላይ ተመርኩዞ ሥራውን የገነባ ደንበኛ የለም። ሲታረም የሚጎዳ ሰው የለም። እኔ እንደሚገባኝ የሚቆየው አዲስ ነገር ስለሚሸጥና ጥገና ስለማይሸጥ ነው። ብሮሹር ላይ «አሁን ስክሪኑ አይዋሽም» ተብሎ አይጻፍማ።

አሮጌ ቨርዥን አልጥልም። ፕሮጀክት አንዴ ወደ አዲሱ ከተቀየረ በእኛ ሶፍትዌር ወደ ኋላ አይመለስም። ስለዚህ ከመቀየሬ በፊት ያልተነካ ኮፒ አስቀምጣለሁ፤ የፎልደሩ ስም ላይ የቨርዥኑን ቁጥር እጽፋለሁ። እያንዳንዱ ቨርዥን የራሱ ቨርቹዋል ማሽን (በላፕቶፑ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ሶፍትዌር) አለው፣ ከነዊንዶውሱ። ኮንትሮለር 15 እና 20 ዓመት ይሠራል። የዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፍ በ2014፣ የ7 በ2020፣ የ10 በ2025 አብቅቷል። ማሽኑ ላፕቶፑን ይቀብራል። እነዚያን አሮጌ ቨርቹዋል ማሽኖች ከኢንተርኔት አርቄ ነው የማስቀምጣቸው።

ከፕሮጀክቱ ውስጥ በጽሑፍ ሊወጣ የሚችለውን ሁሉ ደግሞ አውጥቼ ጊት (የጽሑፍ ለውጥን የሚመዘግብ ፕሮግራም) ውስጥ አስገባለሁ። ከ1993 ጀምሮ የፒኤልሲ ቋንቋዎች አይኢሲ 61131-3 የሚባል ስታንዳርድ አላቸው። በ2019 ደግሞ ፕሮጀክት በኤክስኤምኤል (በጽሑፍ በሚቀመጥ የፋይል ዓይነት) መለዋወጫ የሚሆን 61131-10 ወጥቷል። ሁሉም ሶፍትዌር በደንብ ያከብረዋል ብዬ አልምልም። ግን ቨርዥን ስቀይር ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርጌ ሶፍትዌሩ ሳይነግረኝ የለወጠውን አያለሁ። አንድ ጊዜ የታይመር መነሻ ዋጋ ተለውጦ ያገኘሁት በዚህ ነው። በስክሪን ቢሆን በጭራሽ አላየውም ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ ቨርዥን ወጥቷል። ትንሿን ፕሮጀክት ጭኜ ፈትሻለሁ። ሁለት ባግ ተስተካክሏል፣ የስክሪኑ አሁንም አለ፣ አንድ አዲስ ተጨምሯል። ለአዲሱ ባግ ሰፖርት ክፍሉ ጋ ትኬት ከፍቻለሁ። የሥራ ፕሮጀክቶቼ ባሉበት ቨርዥን ይቀጥላሉ።