በሩ የራሱን ድምፅ እየሰማ

ማይንክራፍት በሚባለው የብሎክ ግንባታ ጌም ላይ ስጠጋ በራሱ የሚከፈት በር ለመሥራት ሦስት ማታ ፈጀብኝ። መክፈቱ ቀላል ነው። የከበደኝ ሴንሰሩ የቱን ሰምቶ የቱን እንዲተው ማድረጉ ነው።

የተጠቀምኩት ስከልክ ሴንሰር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከጌሙ 1.19 ቨርዥን ጋር የመጣው። አያይም፤ ንዝረት ነው የሚሰማው። 8 ብሎክ ርቀት ውስጥ ብትራመዱ ወይም ሳጥን ብትከፍቱ ይነቃና ሲግናል ይለቃል። ጎንበስ ብላችሁ ከሄዳችሁ ግን አይሰማችሁም። ከሴንሰሩ እስከ ብረት በሩ ሬድስቶን (የጌሙን የኤሌክትሪክ ሽቦ በሉት) ዘረጋሁ፣ ተጠጋሁ፣ ተከፈተ! ገብቼ ዝም ብዬ ቆምኩ። በሩ ተዘጋ። ወዲያው ተከፈተ። ደግሞ ተዘጋ፣ ደግሞ ተከፈተ፣ እኔ ጣቴን እንኳ ሳላነሳ።

ለካ በር ሲከፈትም ሲዘጋም ይነዝራል። ሴንሰሩ የመዝጊያውን ንዝረት ይሰማና መልሶ ይከፍተዋል። መሃል ላይ ሱፍ ብሎክ ብትደረድሩ ንዝረቱን ያግደዋል፣ እኔ ግን ቦታው ጠበበኝ። ስለዚህ ሴንሰሩን ከሦስት የአሜቲስት ስባሪ ጋር አዋህጄ ካሊብሬትድ የሚባለውን ሠራሁ፤ ይሄኛው በ1.20 የገባ ነው። በግቤቱ፣ ማለትም ሲግናል በሚቀበልበት ጎን፣ በኩል የምትሰጡት የሲግናል ጥንካሬ የትኛውን ንዝረት ብቻ እንደሚሰማ ይወስናል። የንዝረት ዓይነቶች ቁጥር አላቸው፤ የእርምጃ ቁጥር 1 ነው፣ ስለዚህ ጥንካሬው 1 የሆነ ሲግናል ያስፈልገኛል። ሌቨር (ማብሪያ ማጥፊያ እጀታ) 15 ይሰጣል፣ ሬድስቶን ዱቄት ደግሞ በየብሎኩ አንድ ይቀንሳል፤ 15 ዱቄት ዘርግቼ የመጨረሻውን ከሴንሰሩ ጋር አገናኘሁት። በሩ ጸጥ አለ።

ማታ ግን ዞምቢ ከፍቶ ገባ። የዞምቢም እርምጃ እርምጃ ነው፣ ቁጥሩ ያው 1። እዚህ ጋ ነው ሎጂኩ የጣፈጠኝ፦ «እርምጃ ካለ እና ቀን ከሆነ» ብቻ ይከፈት። የሴንሰሩን ሲግናል አንድ ብሎክ ውስጥ፣ ቀን ሲሆን ሲግናል የሚሰጠውን የብርሃን ሴንሰር ደግሞ ሌላ ብሎክ ውስጥ አስገባሁ፣ በሁለቱም አናት ላይ ሬድስቶን ችቦ ተከልኩ። ችቦ የቆመበት ብሎክ ሲግናል ሲያገኝ ይጠፋል። ሁለቱን ችቦዎች በዱቄት አገናኝቼ ወደ ሦስተኛ ችቦ ወሰድኳቸው። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ከበራ ሦስተኛው ይጠፋል፤ ሁለቱም ሲጠፉ ብቻ ይበራና በሩን ይከፍታል። ይቺን ወረቀት ላይ ሳሏት፣ እኔ የገባችኝ ስስላት ነው።

ማታ ለራሴ መግቢያ ከበሩ ጎን በጣት የሚጫን ቁልፍ ለጠፍኩ። ዞምቢዎቹ አሁን ውጭ ይንጎራደዳሉ፤ በሩም ንቅንቅ አይልም።