ከሮካሾ የገዛሁት ናጋይሞ

ዛሬ ሮካሾ ነበርኩ። ሰሜን ጃፓን፣ አኦሞሪ ውስጥ፣ ፓስፊክ ዳር ያለች የገጠር መንደር ናት። መንገድ ዳር ከአንዲት እናት ናጋይሞ ገዛሁ። የእኛን ቦዬ ይመስላል።

"ፋብሪካው መቼ ነው ሥራ የሚጀምረው?" አልኳቸው። ያገለገለ የኑክሌር ነዳጅ መልሶ የሚያጣራውን ማለቴ ነው። ግንባታው በ1993 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1997 ሊያልቅ ነበር። ከ20 ጊዜ በላይ ተራዝሟል።

አልቸኮሉም። በአውራ ጣታቸው አፈሩን ቀስ እያሉ ጠረጉ። "ሲጀመር ልጄ አልተወለደም ነበር። አሁን እዚያው ይሠራል።"

አባታቸው በረዶ በጣለ ቁጥር ለቀን ሥራ ቶኪዮ ይወርዱ ነበር። የባሕሩ ቀዝቃዛ ነፋስ ሩዙን ይመታዋላ። ልጃቸው ግን ማታ ቤቱ ይገባል።

ቶኪዮ ቁጭ ብዬ ስለ ኑክሌር ስከራከር ይሄን አስቤው አላውቅም። መብራቱ እኛ ጋ፣ ቆሻሻው እነሱ ደጅ።

ናጋይሞውን ገና አላጠብኩትም። አፈሩ እንዳለ ነው።