እማዬ የወይን ፋብሪካ ገባች

ቅዳሜ እማዬን ይዤ ባቱ ሄድን፤ ብዙዎቻችን ዛሬም ዝዋይ የምንላት። አስጎብኚ ያለው የአንድ ቀን የቡድን ጉዞ ነው። በጠዋት ከመስቀል አደባባይ ተነሳን፤ በፈጣን መንገዱ ሞጆ፣ ከዚያ በመቂ አድርገን፣ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ። እማዬ እስከ መቂ ድረስ ተኝታለች።

እማዬ ጌጃ ሰፈር ጠጅ እየጣለች ነው ያሳደገችን። የደብተር፣ የጫማ፣ የቤት ኪራይ፣ ሁሉም ከብርሌ ነው የወጣው። ወይን ግን ለእሷ የሰው ነገር ነበር። በዓል ሲመጣ አንድ ጉደር ይገዛል፣ በኮካ ይበረዛል፣ በቃ። የወይን እርሻ እንሂድ ስላት «እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?» ብላኝ ነበር።

የካስቴል ወይን ፋብሪካ እርሻ ከሐይቁ አይርቅም። የወይኑ ችግኝ ከፈረንሳይ የመጣ ነው፤ የመጀመሪያው ጠርሙስ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ የሚባሉ የወይን ዓይነቶች ተተክለዋል። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ዙሪያው ተቆፍሯል። እኔን የገረመኝ የመግረዙ ነገር ነው። ፈረንሳይ ብርዱ ራሱ ተክሉን ያስተኛዋል፣ ቅጠሉን ያራግፈዋል። ባቱ እንዲህ ያለ ብርድ የለም። ስለዚህ መቼ አርፎ መቼ እንደሚያቆጠቁጥ የሚወስነው የሠራተኛው መቀስ ነው።

አስጎብኚው ከጥቁሩ ወይን አንድ ፍሬ ቆርጦ እማዬ መዳፍ ላይ አኖረው። «እማማ፣ ይጭመቁት እስቲ።» ጨመቀችው። በጣቶቿ መሃል የወረደው ጭማቂ ቀይ አልነበረም፤ ውሃ ሊመስል ምንም አልቀረውም። ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ቀይ ወይን ከነልጣጩ ስለሚፈላ ይቀላል፤ ነጩ ግን አስቀድሞ ተጨምቆ ልጣጩ ይወገዳል። እማዬ ልጣጩን በጥፍሯ ገልብጣ ለረጅም ጊዜ አየችው።

ፋብሪካው ውስጥ ስንገባ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ትልልቆቹን ጋኖች ያነሳል። እማዬ ቆም ብላ አየሩን ሳበች። «ይሄ እየፈላ ነው» አለች። አስጎብኚው ልጅ ፈገግ ብሎ «ልክ ነዎት፣ እማማ» አላት። ከዚያ በኋላ ጥያቄዋ አላቆመም። ሙቀቱ ሲበዛ ምን ታደርጋላችሁ? በጋኑ ዙሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞራል አላት። ጌሾውስ? ጌሾ የለውም፤ የወይኑን ስኳር ወደ አልኮል የሚቀይረው እርሾ ነው፤ አፍ የሚያደርቀው ደግሞ ከልጣጩና ከውስጡ ዘር ይመጣል። በርሜሎቹ ጋ ስንደርስ በርሜሉ የሚሠራበት ኦክ የሚባለው እንጨት ውስጡ በእሳት እንደሚጠበስ፣ ሽታውም ወደ ወይኑ እንደሚገባ ነገረን። «እኛም እንስራውን በወይራ እናጥነዋለን፣ ልጄ» አለችው።

ልጁ ወደ ሌሎቻችን ዞሮ «እማማ ስለ ጠጅ ይንገሩና» አለ። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ፣ የጌሾው እንጨት ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ መፍላቱ ሲበርድ በጆሮ እንዴት እንደሚታወቅ፣ ሁሉንም አስረዳች። አንዲት ወጣት ማስታወሻ ትይዝ ነበር። እኔ እዚያው ቤት አድጌ አንድም ቀን ጽፌው አላውቅም።

ይሄን ስጽፍ አሁንም ሆዴ ይባባል። እማዬ በሕይወቷ «የተማርኩት የለም» ስትል ነው የኖረችው። ሠፈራችንም ጠጅ ጣይን ባለሙያ ብሎ አይጠራም፤ ኑሮ አስገድዷት ነው ይባላል። ባቱ ላይ ግን ነጭ ጋውን የለበሰው አስጎብኚያችን፣ ባለሙያው፣ እንደ ሥራ ባልደረባ ነው ያናገራት። ሙቀት፣ ንጽሕና፣ ትዕግሥት፣ መቼ ማቆም እንዳለበት ማወቅ፤ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ሙያ ነው። እንደዚህ ያለ ጉብኝት ለውጭ ዜጋ ብቻ የተሰናዳ የሚመስላቸው ሰዎች እናቶቻቸውን ይዘው ቢሄዱ ደስ ይለኛል።

ቅምሻው ላይ ጣፋጩን አልወደደችውም። ደረቁን ቀይ ሁለት ጊዜ አስቀዳች፤ ኮካም አልጠየቀች። ስንመለስ ቃሊቲ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ብዙ ቆየን፤ እሷ ግን ስለ ማቀዝቀዣው ውሃ ታወራለች። ለፋሲካ ስትጥል አጠገቧ ቁጭ ብዬ መጠኑን ሁሉ ልጽፍ ተስማምተናል። ቴርሞሜትር እንድገዛላትም አዝዛኛለች።